የክሪፕቶ ቁልፍዎን ራስዎ ሲይዙ፦ ዋናው ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ዋሌቱን አጥፍተው ይመልሱት

ኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ድርጅት) ላይ ያለ ቢትኮይን ድርጅቱ ለእርስዎ ያለበት ዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ማውንት ጎክስ፣ በ2022 ኤፍቲኤክስ የተባሉት ኤክስቼንጆች ሲወድቁ ደንበኞች ስክሪን ላይ የሚታያቸውን ገንዘብ ማውጣት አልቻሉም። ቁልፉን (ገንዘቡን ለመላክ የሚያስችለውን ምስጢራዊ ኮድ) ራስዎ ከያዙ ይህ ስጋት ይወገዳል፤ የጠፋ ቁልፍ የሚተካልዎ ግን አይኖርም።

ሃርድዌር ዋሌቱን (ቁልፉን የሚይዘውን ትንሽ መሣሪያ) ከአምራቹ በቀጥታ ይግዙ። የማገገሚያ ቃላቱ (ዋሌቱ ቢጠፋ የሚመለስባቸው ቃላት) ተጽፈው ከመጡ አይጠቀሙበት፤ የጻፋቸው ሰው ገንዘቡን ሊወስድ ይጠብቃል። ቃላቱን መሣሪያው ራሱ ማውጣት አለበት፦ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወይም 24፣ ከ2048 ቃላት ዝርዝር። ቁጥር እየሰጡ በእስክሪብቶ ይጻፉ። የመጀመሪያዎቹ 4 ፊደላት ቃሉን ከሌሎቹ ስለሚለዩት በተለይ እነሱ ጥርት ብለው ይነበቡ። ፎቶ አያንሷቸው፤ ስልክዎ ሳያስተውሉት ወደ ክላውድ ሊልከው ይችላል።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን እሱ ነው። ቢጠፋ የማይጎዳዎትን ትንሽ መጠን ወደ ዋሌቱ ይላኩ። የመቀበያ አድራሻውን ይመዝግቡ፣ መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ ያጽዱ፣ ከዚያ ከወረቀቱ ብቻ ይመልሱት። ያው አድራሻና ያው ገንዘብ ከመጣ ወረቀትዎ ይሠራል።

ባዶ ዋሌት ከተከፈተስ? አይደንግጡ። የመጨረሻው ቃል ማረጋገጫ ስለያዘ የተሳሳተ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም፤ በ12 ቃላት ግን ከ16 ስህተት አንዱ ገደማ ሾልኮ ያልፍና ሌላ ዋሌት ይከፍታል። ቃላቱ ትክክል ከሆኑ የአድራሻውን ዓይነት ይዩ፤ አንዳንድ መተግበሪያ ገንዘቡን በሌላ ዓይነት አድራሻ ሥር ይፈልጋል። ተጨማሪ የይለፍ ሐረግ (በቃላቱ ላይ ራስዎ መርጠው የሚጨምሩት) ካስገቡም አንድ ፊደል ቢሳሳቱ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ባዶ ዋሌት ይመጣል። ለጀማሪ ይህን ሐረግ አንመክርም።

ሲልኩ አድራሻውን በመሣሪያው ስክሪን ላይ እስከ መጨረሻው ያመሳክሩ። ኮፒ ያደረጉትን አድራሻ በሌባ አድራሻ የሚተካ ቫይረስ አለ፤ የተላከ ደግሞ አይመለስም።

ሁለተኛ ሙሉ ቅጂ ሌላ ቤት ይቀመጥ፤ እሳት ካሰጋ በብረት ላይ ይቀረጽ። 24ቱን ቃላት ለሁለት ከፍለው አያስቀምጡ፤ አንዱ ግማሽ ቢጠፋ ሁሉም ይጠፋል።