ስለ እሳት በጀት ስትከራከሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ደሴ ፒያሳ፣ አንዲት ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ ማታ ማታ እንሰበሰባለን። በሎስ አንጀለሱ እሳት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2025፣ አንዱ ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ «የካሊፎርኒያ ገዥ እኮ የእሳት በጀቱን ቆርጦት ነው!» አለ። ልጅቷ «ጀባ» ብላ ስኒዬን እስክታቀብለኝ እኔም ፈርጄ ጨርሼ ነበር። ቤት ገብቼ ሳጣራ አፈርኩ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፦ «ተቆረጠ» ሲባል «ከምን ላይ?» ብሎ አለመጠየቅ። ካሊፎርኒያ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መቀነሷ እውነት ነው። የተቀነሰው ግን ደኑን አስቀድሞ ለመንከባከብ ከተያዘው ገንዘብ ነው። እሳት የሚያጠፋው የግዛቷ መሥሪያ ቤት፣ የካል ፋየር፣ መደበኛ የሰደድ እሳት በጀት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014/15 ከነበረበት 1.1 ቢሊዮን፣ በ2023/24 ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ወጥቷል። በኅዳር 2024 ሕዝቡ የ10 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በድምፁ አጽድቋል፤ ከዚያ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለሰደድ እሳት መከላከል ነው። እና «ቀነሰ» ያለውም «ጨመረ» ያለውም ቁጥር አለው። ወላሂ፣ ሁለቱም አልዋሹም። ግማሽ ግማሹን ነው የነገሩን።

ሁለተኛው እኛን በተለይ ይጥለናል። ዜናው «መንግሥት» ሲል አንድ ኪስ ይመስለናል። እዚያ ኪሱ ብዙ ነው፤ የከተማ አለ፣ የካውንቲ አለ፣ የግዛት አለ፣ የፌዴራል አለ። ከካሊፎርኒያ ደን 57 በመቶው የፌዴራል ነው። የግዛቱና የአካባቢ አስተዳደሮች ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ነው። «ገዥው ጫካውን ለምን አላጸዳም?» ከማለት በፊት ጫካው የማን ነው? ትልቅ እሳት ሲነሣ ደግሞ ፌማ የተባለው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ከተፈቀደው የማጥፊያ ወጪ 75 በመቶውን ሊሸፍን ይችላል። ጠቡ የሚጦፈውም እዚህ ላይ ነው። ትራምፕ ለእርዳታው መራጮች መታወቂያ እንዲያሳዩ ማድረግን ቅድመ ሁኔታ አድርገው ሲያነሡ፣ መታወቂያና እሳት ምን አገናኛቸው ብለን ስቀናል።

ማጥፊያውን ብቻ መቁጠርም ያሳስታል። የአሜሪካ ደን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1995 ከበጀቱ 16 በመቶውን ለእሳት ያወጣ ነበር። በ2015 ከግማሽ አለፈ። የማጥፊያው ሲያልቅ ከመከላከያው ይበደሩ ነበር። የዘር እህል መብላት በሉት። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕግ ወጥቶ ለክፉ ዓመት የተለየ ገንዘብ ተፈቀደ።

«የሩቅ ሰው ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍስ? በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያ ከእስራኤል ነው የመጣው። ማን ዘገየ፣ ማን መክፈል ነበረበት የሚለው ጭቅጭቅ ያኔም ነበር።

አንድ ስህተት ቀረኝ፤ የሰፈር ሰው ጉልበት በነፃ ነው ብሎ ማሰብ። አንድ በጋ ጦሳ ተራራ ላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ጭስ አይተን ወጣን። እርጥብ ቅርንጫፍ ይዘን እሳቱን እየገረፍን፣ አፈር በአካፋ እየደፋንበት መሸ። የጎረቤቴ አዲስ ጫማ ሶሉ ቀልጦ በባዶ እግሩ ወረደ። «ይሄን በየትኛው በጀት ትይዙልኛላችሁ?» እያለ እስከ ዛሬ በቡናው መሀል ያነሣብናል።