ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ? የኮምፒውቴሽናል ጂኦሜትሪ የመጀመሪያ እርምጃዎች

ኮምፒውቴሽናል ጂኦሜትሪ ነጥቦችን፣ መስመሮችንና ጎነ ብዙዎችን የሚመለከቱ ጥያቄዎችን ኮምፒውተር በፍጥነትና በትክክል እንዲመልስ የሚያስችሉ አልጎሪዝሞችን የሚያጠና ዘርፍ ነው። ሁለት መንገዶች በካርታ ላይ ይቋረጣሉ ወይ፣ አንድ ቦታ በአንድ ወሰን ውስጥ ይገኛል ወይ፣ የተበተኑ ነጥቦችን ሁሉ የሚከብበው ትንሹ ወሰን የትኛው ነው የሚሉት ጥያቄዎች የዚህ ዘርፍ ናቸው። ጀማሪ ፕሮግራመር እነዚህን ጥያቄዎች ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ በትምህርት ቤት የተማረውን የመስመር ስሎፕና የማዕዘን ስሌት ይዞ ይነሳል። ይህ አካሄድ በወረቀት ላይ ቢሠራም በፕሮግራም ውስጥ ግን ያስቸግራል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር በዜሮ ማካፈልን ያስከትላል፣ ማዕዘን የሚያሰላው ፋንክሽንም ውጤቱን አጠጋግቶ ስለሚመልስ እኩል መሆን የነበረባቸው ሁለት ቁጥሮች ተለያይተው ይገኛሉ። ስለዚህ ማካፈልም ማዕዘንም የማይፈልግ አንድ ፍተሻ አስቀድሞ በሚገባ መማር ያስፈልጋል፤ በእኔ እምነት የዘርፉ መግቢያ በር እሱ ነው።

ፍተሻው ሦስት ነጥቦችን ይወስዳል፤ ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። ጥያቄው ከሀ ተነስተን ለ ላይ ከደረስን በኋላ ወደ ሐ ለመሄድ ወደ ግራ እንታጠፋለን፣ ወደ ቀኝ እንታጠፋለን ወይስ በቀጥታ እንቀጥላለን የሚል ነው። ከሀ እስከ ለ በኤክስ በኩል ያለውን ለውጥ መ፣ በዋይ በኩል ያለውን ነ እንበል፤ ከሀ እስከ ሐ ያሉትን ለውጦች ደግሞ በዚያው ቅደም ተከተል ረ እና ሰ እንበላቸው። ከዚያ ይህን እናሰላለን፦

ው = መ × ሰ − ነ × ረ

ው ከዜሮ በላይ ከሆነ መታጠፊያው ወደ ግራ ነው፣ ከዜሮ በታች ከሆነ ወደ ቀኝ ነው፣ ዜሮ ከሆነ ሦስቱም ነጥቦች በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ለምሳሌ ሀ (1, 1)፣ ለ (5, 2)፣ ሐ (3, 4) ቢሆኑ፣ መ 4፣ ነ 1፣ ረ 2፣ ሰ 3 ይሆናሉ፤ ው = 12 − 2 = 10 ስለሚሆን መታጠፊያው ወደ ግራ ነው። ሐ (9, 3) ቢሆን ውጤቱ 8 − 8 = 0 ይሆን ነበር። ይኸው ቁጥር ሌላም ጥቅም አለው፤ ግማሹ በሦስቱ ነጥቦች የሚሠራው ጎነ ሦስት ስፋት ነው፣ በምሳሌያችን 5 ማለት ነው። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ግን ዋይ የሚጨምረው ወደ ታች ስለሆነ ግራና ቀኝ እንደሚገለባበጡ ልብ ማለት ይገባል።

የሁለት ቁራጭ መስመሮችን መቋረጥ በዚህ ፍተሻ ማወቅ ይቻላል። የአንደኛው ሁለት ጫፎች ከሁለተኛው በተለያየ ወገን፣ የሁለተኛውም ጫፎች ከአንደኛው በተለያየ ወገን ከሆኑ መስመሮቹ ይቋረጣሉ። ፍተሻው አራት ጊዜ ይጠራል፤ አንዱ ውጤት ዜሮ ከሆነ ያ ጫፍ በሌላው መስመር ሁለት ጫፎች መካከል መውደቁን በኤክስና በዋይ ማወዳደር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንለፍ። በተበተኑ ችካሎች ዙሪያ ገመድ ቢወጠር ገመዱ የሚነካቸው የዳር ችካሎች ብቻ ናቸው፤ ይህ ወሰን ኮንቬክስ ኸል ይባላል። ሮናልድ ግራሃም በ1972 እ.ኤ.አ. ነጥቦቹን በማዕዘን ደርድሮ ወሰኑን የሚያገኝ አልጎሪዝም አሳተመ፤ በ1979 ደግሞ አንድሩ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ማዕዘኑን ትቶ ነጥቦቹን በኤክስ ብቻ የሚደረድር መንገድ አቀረበ። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ከመደርደር ቀጥሎ የሚፈልገው ከላይ ያየነውን ፍተሻ ብቻ ነው።

ነጥቦቹ (0, 0)፣ (1, 3)፣ (2, 1)፣ (4, 4)፣ (5, 2) እና (6, 0) ይሁኑ፤ በኤክስ ተደርድረዋል። የኤክስ ዋጋቸው እኩል የሆኑ ነጥቦች ቢኖሩ በዋይ ይለያሉ። ከግራ ወደ ቀኝ እየሄድን እያንዳንዱን ነጥብ ወደ ስታክ (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ወደሚወጣበት ዝርዝር) እናስገባለን፤ ከማስገባታችን በፊት ግን በስታኩ ላይ ያሉት የመጨረሻ ሁለት ነጥቦች ከአዲሱ ጋር ወደ ግራ መታጠፋቸውን እንጠይቃለን። ካልታጠፉ የመጨረሻውን እናወጣና እንደገና እንጠይቃለን። (2, 1) ሲመጣ ው = 1 − 6 = −5 ስለሆነ (1, 3) ይወጣል። (4, 4) ያለ ችግር ይገባል፤ (5, 2) ሲደርስ ግን አስቀድሞ (4, 4)፣ ቀጥሎም (2, 1) ይወጣሉ። አንድ አዲስ ነጥብ ብዙ የቀደሙትን ሊያስወጣ ስለሚችል ጥያቄው በዋይል ሉፕ እንጂ በአንድ ኢፍ መጻፍ የለበትም፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ (6, 0) (5, 2)ን አስወጥቶ ሲገባ የታችኛው ወሰን ከ(0, 0) እስከ (6, 0) ያለው መስመር ብቻ ይሆናል።

ለላይኛው ወሰን ያንኑ ሥራ ከቀኝ ወደ ግራ እንደግማለን። (6, 0)፣ (5, 2) እና (4, 4) ላይ ው ዜሮ ይሆናል፤ በጎን ላይ ያሉ ነጥቦች እንዲወጡ ከፈለግን ዜሮንም እንደ ማስወጫ ምክንያት እንቆጥረዋለን፣ እንዲቀሩ ከፈለግን ከዜሮ በታች የሆነውን ብቻ እናስወጣለን። ይህን ውሳኔ ኮዱን ከመጻፍ በፊት መወሰን ይሻላል። በመጀመሪያው ምርጫ የመጨረሻው ወሰን (0, 0)፣ (6, 0)፣ (4, 4)፣ (1, 3) ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ገብቶ ቢበዛ አንድ ጊዜ ስለሚወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው መደርደሩ ነው፤ ለአንድ ሚሊዮን ነጥቦች ይህ ወደ 20 ሚሊዮን ያህል ማወዳደር ነው።

የማንኛውም ጎነ ብዙ ስፋት፣ ጎኖቹ እርስ በርስ እስካልተቋረጡ ድረስ፣ በዚሁ ስሌት ይገኛል፤ የመጀመሪያውን የማዕዘን ነጥብ ሀ አድርጎ ቀጣዮቹን በተርታ ሁለት ሁለት እየወሰዱ ው-ን መደመር፣ ድምሩንም ለ2 ማካፈል ነው። ለወሰናችን 24 + 8 = 32 ይመጣል፣ ስፋቱም 16 ነው።

ኮኦርዲኔቶቹ ሙሉ ቁጥሮች ከሆኑና ከ−1,000,000,000 እስከ 1,000,000,000 ባለው ውስጥ ካሉ፣ ባለ 64 ቢት ሙሉ ቁጥር ው-ን ሳያጠጋጋ ይይዛል፤ ባለ 32 ቢቱ ግን ሞልቶ የተሳሳተ ምልክት ሊሰጥ ይችላል። የአስርዮሽ ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። አዲስ አበባ ምድርን በዞኖች ከፍሎ ቦታን በሜትር በሚገልጸው የካርታ ሥርዓት፣ በዩቲኤም፣ ዞን 37 ውስጥ ስለምትገኝ የአንድ ቦታ ኮኦርዲኔት በምሥራቅ ወደ 472,000፣ በሰሜን ወደ 997,000 ሜትር ይጠጋል። እነዚህን ሳይቀንሱ ቢያባዙ ውጤቱ ከ470 ቢሊዮን ያልፋል፤ እዚያ ላይ ባለ 32 ቢት ፍሎት በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል 32,768 ያህል ክፍተት ስላለው የ200 ካሬ ሜትር ይዞታ ስፋት ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ ኮኦርዲኔቶቹን በባለ 64 ቢት ደብል አንብቦ፣ ከማባዛት በፊት የመጀመሪያውን ማዕዘን ከሁሉም ላይ መቀነስ ያስፈልጋል። ድምሩ ከዜሮ በታች ከሆነ ማዕዘኖቹ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ተመዝግበዋል ማለት ነው፤ ስፋቱ ከመመዝገቡ በፊት የመቀነስ ምልክቱ ይነሳል።