ክሮም በራሱ ጊዜ እየተዘጋ ሲያስቸግር፦ ክሮሙን ተዉትና ሲ ድራይቭን እዩ

"ክሮሜ እየተዘጋብኝ ነው" ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ክሮሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጭኖት ነው የሚደውለው። ሪስታርቱን፣ አፕዴቱን፣ ሂስትሪ ማጥፋቱን ሞክራችኋል ብዬ ልለፈው። ደግሞ መጫን ለምን እንደማይፈይድ ግን ልንገራችሁ። ክሮም ሲጠፋ ፕሮፋይሉ (ቡክማርካችሁና ሴቲንጋችሁ ያለበት ፎልደር) አብሮት አይጠፋም፤ "የኔንም ዳታ ሰርዝ" የምትለዋን ሳጥን ምልክት ካላደረጋችሁ በቀር። አዲሱ ክሮም መጥቶ አሮጌው ፕሮፋይል ላይ ይቀመጣል። የኮምፒውተሩ ችግር ደግሞ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

መጀመሪያ አዘጋጉን ለዩ። ታብ ብቻ ነው የሚሞተው ወይስ ክሮሙ እንዳለ? ስክሪኑ ይጠቁራል? ወይስ ጭራሽ አልከፈት ብሎ ነው? መልሱ ወደተለያየ ቦታ ይወስዳል።

ብዙ ታብ ሲከፈት የሚሞት ክሮም

ይሄኛውን አይቼ አይቼ ሰልችቶኛል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ደህና ነው። ሁለት ታብ ይሠራል። ዩቲዩብ ተከፍቶ፣ ቴሌግራም ከጎኑ ተከፍቶ፣ አንድ ፒዲኤፍ ሲጨመር ታቡ ያዘነ ፊት ያወጣና "አው፣ ስናፕ" ይላል። ከስሩ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ማንም አያነባትም። አንብቧት። "አውት ኦፍ ሜሞሪ" የምትል ከሆነ ምክንያቱ እዚሁ ነው። አንዳንዴ ደግሞ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ክሮሙ እንዳለ እልም ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ለጊዜው የሚሠራበት ሜሞሪ፣ ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ማስቀመጫው ፔጅ ፋይል ይባላል። ሌላ ቦታ ካላዘዛችሁት ዊንዶውስ የተጫነበት የዲስኩ ክፍል፣ ሲ ድራይቭ ላይ ነው ያለው፤ እንደ አስፈላጊነቱም ያድጋል። ሲ ጢም ብሎ ከሞላ የት ይደግ? ክሮም ታቦቹን በየራሳቸው ፕሮሰስ ከፋፍሎ ስለሚያስኬድ ራም ይበላል። ቦታ ሲከለከልም ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው። ስድቡን የሚጠጣውም እሱ ነው።

ሲን የሞሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ፎርማት ያደረገላችሁ ልጅ ነው። 500 ጊጋ ዲስክ ይዞ ለሲ 50 ጊጋ ይቆርሳል፣ የቀረውን ዲ ለሚባለው ሌላ ክፍል ይሰጣል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ያስኬድ ነበር። ዊንዶውስ 10 ከነአፕዴቱ ግን የዚያን ግማሽ ብቻውን ይይዘዋል። ልጁ ግን ዛሬም እንደዚያው ይቆርሳል። ለምን ስትሉት "ሁሌ እንደዚህ ነው የምናደርገው" ይላችኋል።

ሁለተኛው ቴሌግራም ነው። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም የሚያወርደውን ዳውንሎድስ ውስጥ በራሱ ስም ፎልደር ከፍቶ ያከማቻል። ቪዲዮው፣ የሠርጉ ፎቶ፣ ግሩፕ ላይ የተለቀቀው ሁሉ። ዳውንሎድስ ደግሞ ያለው ሲ ላይ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ቤታቸው ስደርስ ኮምፒውተሩ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል። "ልጄ፣ ሦስት ሰው ፎርማት አድርጎልኛል። ወር አይሞላውም፣ ይመለሳል" አሉኝ። "ጋሼ፣ እስቲ ሲን እንየው" አልኳቸው። 48 ጊጋ ውስጥ የቀረው 300 ሜጋ ነው። መስመሩ ቀልቷል። የቴሌግራሙን ፎልደር ብከፍተው 21 ጊጋ ስብከትና መዝሙር። አንዱን ስብከት ከሦስት ግሩፕ ሦስት ጊዜ አውርደውታል። ዲ ላይ 400 ጊጋ ባዶ ተኝቷል። ሦስቱም ቴክኒሻኖች ፎርማት ያደረጉበትን ተቀብለው ሄደዋል፤ አንዳቸውም ሲን አልከፈቱም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ። "ኮሚትድ" የሚለውን እዩ። በስላሽ የተለዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ግራው የተያዘው ነው፣ ቀኙ ጣሪያው። ክሮም ሊሞት ሲል ግራው ቀኙን ሊነካ ይደርሳል። ቆይታችሁ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ኢቨንት ቪውር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ፣ ሲስተም ሎግ ላይ፣ ቁጥር 2004 ፈልጉ። ሜሞሪ አልቆ እንደነበር ዊንዶውስ ራሱ እዚያ ጽፎላችኋል፤ የትኛው ፕሮግራም ብዙ እንደያዘም ከነስሙ።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሲን አስተንፍሱት። ዲስክ ክሊን አፕን ከፍታችሁ "ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ" የሚለውን ተጫኑ። የድሮ ዊንዶውስ ቅሪት ካለ ብቻውን ከ10 ጊጋ በላይ ይለቃል። ዝርዝሩን ሳታነቡ ሁሉንም ምልክት አታድርጉ፤ ዳውንሎድስ አብሮ የሚዘረዘርበት ጊዜ አለ። የሰው ፎቶ በዚህ ሲጠፋ አይቻለሁ። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ በእጃችሁ አትሰርዙ። "ትልቅ ነው፣ አያስፈልግም" ብሎ የሰረዘ ሰው ማታውኑ ነው የሚደውለው።

ቀጥሎ ቴሌግራም። ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ የማውረጃውን ቦታ ወደ ዲ ቀይሩ። እዚያው አውቶማቲክ ማውረዱን ለግሩፕና ለቻናል አጥፉ። "ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ" የሚለው ውስጥ ያለውን ካሽም (ለጊዜው የተቀመጠውን ፋይል) አጽዱ፤ ሌላ ጊዜ ከሚገባው በላይ እንዳያብጥ ጣሪያውን ዝቅ አድርጉት።

ቀጥሎ ዳውንሎድስን ራሱን ወደ ዲ ማዛወር። ፎልደሩ ላይ በቀኝ ተጫኑ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሙቭ። ልብ በሉ! ዲ ውስጥ አዲስ ፎልደር ፍጠሩና እሱን ምረጡ። ዲን ራሱን የመረጠች አንዲት እህት ነበረች፤ ዲ ድራይቭ እንዳለ ዳውንሎድስ ሆኖ ቁጭ አለ። የልጆቿ ፎቶ፣ የባሏ የሂሳብ ሰነድ፣ የወረደው ፊልም፣ ሁሉም አንድ ላይ ተዘረገፈ። መልሼ ለመለየት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ቡናው ባይኖር ትቼው እሄድ ነበር።

መጨረሻ ላይ ፔጅ ፋይሉ። አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ፐርፎርማንስ ስር ያለው ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ቨርቹዋል ሜሞሪ፣ ቼንጅ። ሲ ላይ በቂ ቦታ ካገኛችሁ ከላይ ያለችውን "አውቶማቲካሊ" የምትል ሳጥን ምልክት አድርጋችሁ ውጡ። ሲ አሁንም ከጠበበ ምልክቷን አንሱ፣ ዲን ምረጡ፣ "ሲስተም ማኔጅድ" በሉት፣ ከዚያ "ሴት" (Set) የምትለዋን ቁልፍ ተጫኑ። ሴትን ሳይጫኑ ኦኬ ብሎ መውጣት ምንም አይለውጥም። ይሄን እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ከዚያ ሪስታርት።

እዚህ ገጽ ላይ "ኖ ፔጂንግ ፋይል" ተመርጦ ካገኛችሁት ደግሞ አንድ ሰው ኮምፒውተሩን "ሊያፈጥነው" ሞክሯል ማለት ነው። ይሄን ምክር በየቪዲዮው የሚነዙት ሰዎች 32 ጊጋ ራም ይኖራቸው ይሆናል። 4 ጊጋ ላለው ቤት ግን እግር እንደመቁረጥ ነው።

ራም መጨመር ይረዳል ወይ? በጣም። ግን መጀመሪያ ዊንዶውሳችሁ 64 ቢት መሆኑን እዩ። 32 ቢት ላይ 8 ጊጋ ብትሰኩም ከ4 በላይ አይጠቀምም። አንዱ ደንበኛዬ ሁለተኛ ራም ገዝቶ፣ ለውጥ የለም ብሎ ከሻጩ ጋር ተጣልቶ ነው እኔ ዘንድ የመጣው። ሻጩ ምን ያድርግ!

ሌሎቹ

ቪዲዮ ሲከፈት ስክሪኑ ጠቁሮ የሚዘጋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የግራፊክስ ድራይቨር (ስክሪኑን የሚያስተናግደው ሶፍትዌር) ነው። ክሮም ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ "ግራፊክስ አክስለሬሽን" የሚለውን አጥፉና ሪላንች በሉ። ከተሻለው ድራይቨሩን ከኮምፒውተሩ አምራች ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። "ድራይቨር አፕዴተር" የሚባሉትን ፕሮግራሞች እባካችሁ አትጫኑ። አንዱን ሊጠግኑ አምስት ማስታወቂያ ይዘው ይገባሉ።

መብራት ድንገት ከጠፋ በኋላ አልከፈት ካለ፣ ወይ ብልጭ ብሎ ከጠፋ፣ ፕሮፋይሉ ተበላሽቷል። ክሮምን ከታስክ ማናጀር ጨርሳችሁ ዝጉ። አፕዳታ፣ ሎካል፣ ጉግል፣ ክሮም፣ ዩዘር ዳታ ውስጥ "ዲፎልት" የሚለውን ፎልደር ስሙን ቀይሩት። አትሰርዙት! ቡክማርካችሁ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ክሮም ሲከፈት አዲስ ይሠራል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) የሌለው ቤት ይሄን ደጋግሞ ያየዋል።

አንድ ሳይት ላይ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ኤክስቴንሽን (ክሮም ላይ የምትጨምሩት ትንሽ ፕሮግራም) ጠርጥሩ። ሁሉንም አጥፍታችሁ አንድ አንድ እያላችሁ መልሱ።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ፣ ክሮም ከ2023 ጀምሮ ጥሏችኋል። የመጨረሻው የሚሠራላችሁ 109 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሳይት ቢያንገራግር አይግረማችሁ።

ሲ ሰፊ ሆኖ፣ ራምም ተርፎ፣ በአንድ ታብ እንኳ የሚሞት ከሆነ፣ ሌላ ፕሮግራምም አልፎ አልፎ ከተዘጋ፣ ሰማያዊ ስክሪንም ከታየ፣ ራሙ ራሱ ሳይታመም አልቀረም። ያገለገለ ራም ሳይፈተሽ ከተገዛ ይሄ ያጋጥማል። ገመዱን ነቅላችሁ፣ ብረቱን በእጃችሁ ነክታችሁ፣ ራሙን አውጡና ወርቃማ ጥርሱን በነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹት፤ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጥረጉ። በአፋችሁ እፍ አትበሉበት፣ ምራቅ ነው የምታለብሱት። ከዚያም "ዊንዶውስ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ" ብላችሁ ፈልጉና አስፈትሹት። ሁለት ራም ካለ አንድ አንዱን ለየብቻ ሰክታችሁ ነው የምትፈትሹት፤ ስህተት ያወጣውን መልሳችሁ አትሰኩት።