የሰርቨርዎን የሌሊት ሥራ በክሮን እንዴት ቀጠሮ ያስይዛሉ?

የዳታቤዝ መጠባበቂያ ቅጂ ለመውሰድና ያረጁ ፋይሎችን ለመሰረዝ ሌሊት መነሣት አያስፈልግም። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ይህን ኃላፊነት የሚወስደው ክሮን የተባለው ፕሮግራም ነው። አጻጻፉ ቀላል ነው፤ የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው፣ ይልቁንም እኛን።

ስለዚህ ከሰዓቱ ይጀምሩ። ሰርቨሩ ውስጥ ገብተው ሰዓቱን የሚያሳየውን «ዴት» (date) የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። ብዙ የኪራይ ሰርቨሮች የሚሠሩት በዓለም አቀፉ የዩቲሲ ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ትቀድመዋለች። እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለው በፈረንጆች አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነው፤ ለሰርቨሩ ደግሞ ገና የትናንቱ 23 ሰዓት ነው። እሁድ ለሰኞ አጥቢያ እንዲሠራ የፈለጉት ሥራ በሰርቨሩ ዘንድ የእሁድ ሥራ ነው ማለት ነው። ሰርቨሩ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ሰዓት የሚሄድ ከሆነ፣ ሰዓት ወደፊት ወይም ወደኋላ በሚቀየርባቸው ሌሊቶች በሰርቨሩ ሰዓት ከ1 እስከ 3 ያለው ጊዜ ሊዘለል ወይም ሊደገም ስለሚችል ቀጠሮ አይያዙበት።

ቀጥሎ ትእዛዞቹን በአንድ ስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) ጽፈው በእጅዎ ያስኬዱት። በእጅ ያልሠራ ስክሪፕት በክሮን አይሠራም። በእጅ የሠራውም ሁሉ በክሮን ይሠራል ማለት አይደለም፦ ክሮን ፕሮግራሞችን የሚፈልገው በጥቂት ማህደሮች ውስጥ ብቻ ነው። በመሆኑም የእያንዳንዱን ፕሮግራምና ፋይል አድራሻ ከሥሩ ጀምረው ሙሉውን ይጻፉ።

አሁን ክሮን ቀጠሮዎቹን የሚያነብበትን ሰንጠረዥ ይክፈቱ። «ክሮንታብ» (crontab) ብለው ክፍት ቦታ ይተዉና ሰረዝ፣ ከዚያም አምስተኛዋን የእንግሊዝኛ ፊደል «ኢ»ን ያስከትሉ። ጣትዎን ይጠብቁ! በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ጎረቤቷ የሆነችው «አር» ሰንጠረዡን በሙሉ ትሰርዛለች፤ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብላም አትጠይቅም።

እያንዳንዱ መስመር በአምስት ቦታዎች ይጀምራል፦ ደቂቃ (0–59)፣ ሰዓት (0–23)፣ የወሩ ቀን፣ ወር እና የሳምንቱ ቀን (እሁድ 0 ነው)። ኮከብ ምልክት «ሁሉም» ማለት ነው። የእሁድ ለሰኞ አጥቢያው ቀጠሮ በዩቲሲ ሰርቨር ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

0 23 * * 0

ከዚህ ቀጥሎ የስክሪፕቱ ሙሉ አድራሻ ይገባል። የወሩንም የሳምንቱንም ቀን በቁጥር ከሞሉ ክሮን ሁለቱ እስኪገጣጠሙ አይጠብቅም፤ አንዱ ሲደርስ ሥራውን ይጀምራል። ወሮቹም የጎርጎርዮሳውያን ናቸው። ሥራው የሐምሌ 1 የበጀት ዓመት መጀመሪያን የሚመለከት ከሆነ ጁላይ 8 ብለው ይጻፉት። በመስመሩ ላይ የመቶኛ ምልክት አይጠቀሙ፤ ክሮን እንደ አዲስ መስመር ያነበዋል። ካስፈለገዎት ስክሪፕቱ ውስጥ ያስገቡት።

በመጨረሻ የሥራው ውጤትና የስህተት መልእክቱ ወደ አንድ የሎግ (የመዝገብ) ፋይል እንዲጻፍ ያድርጉ። ይህን ያልጻፈ ሰው ክሮን ሥራውን ስለማቆሙ የሚያውቀው መጠባበቂያ ቅጂው በጠፋበት ቀን ነው። ሥራው ረጅም ከሆነና በየ10 ደቂቃው የሚጠራ ከሆነ ሁለተኛው ዙር በመጀመሪያው ላይ እንዳይደረብ «ኤፍሎክ» (flock) በተባለው ትእዛዝ ይቆልፉት።

በማግስቱ ሎጉን ያንብቡ፤ የቅጂውን ፋይል መጠን ይመልከቱ። ዜሮ ባይት የሆነ ቅጂም «ተጠናቋል» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ወደ ዳታቤዝ መልሰው ይሞክሩት።