የቤት ድራፍት አረፋ ብቻ ሲቀዳ ምን ይደረጋል?

ቧንቧውን ትከፍታላችሁ፣ ብርጭቆው ግማሽ ድረስ አረፋ ይሆናል። አብዛኛው ሰው ያኔ እጁን ወደ ሬጉሌተሩ (የጋዙ ግፊት መቆጣጠሪያ) ሰዶ ግፊቱን ይቀንሳል። እሱን ለጊዜው ተዉት። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደለም።

መጀመሪያ አቀዳዳችሁን እዩ፤ ይሄ ወጪ የለውም። ንጹሕ ብርጭቆ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁና 45 ዲግሪ ያህል አዘንብሉት። ቧንቧውን በአንዴ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ግማሽ የተከፈተ ቧንቧ አረፋ ማምረቻ ነው።

ካልተስተካከለ ሙቀቱን ለኩ። ቢራ ሲቀዘቅዝ ጋዙን ይዞ ይቀመጣል፣ ሲሞቅ ይለቀዋል። አረፋው ያ የተለቀቀው ጋዝ ነው። የፍሪጁን ቁጥር አትመኑ፤ ቴርሞሜትሩን ሁለተኛው ብርጭቆ ውስጥ ክተቱት። 3 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። (ከተለካ በኋላ ይጠጣል እንጂ አይደፋም።) በርሜሉ ገና የገባ ከሆነ ግን ቢያንስ 24 ሰዓት ይረፍ። በጉዞ የተናጠ ቢራ ቀዝቃዛም ሆኖ ያስቸግራል።

አሁን ደግሞ አከታትላችሁ ቅዱ። የመጀመሪያው አረፋ ሆኖ ቀጣዮቹ ከተስተካከሉ፣ የሞቀው ከፍሪጁ በላይ ያለው የቧንቧው ማማ ነው። የፍሪጁን ቅዝቃዜ ወደ ላይ የምትገፋ ትንሽ ፋን ትበቃዋለች።

ሁሉም ብርጭቆ አረፋ ከሆነ ወደ ግፊቱ መሄድ ይቻላል። በዚህ ቅዝቃዜ ለአብዛኛው ቢራ ከ10 እስከ 12 ፒኤስአይ (በሬጉሌተሩ ላይ የሚነበብ የግፊት መለኪያ) ይስማማዋል። ቱቦው ውስጥ የጋዝ ክፍተት ካያችሁ ግፊቱ አንሶ ሊሆን ይችላል፤ ጋዙ በርሜል ውስጥ መቆየት ሲገባው መንገድ ላይ እየወጣ ነው። ለዚህ ነው መቀነሱ የማያዋጣው፣ ከቀናት በኋላም ቢራው ውሃ ውሃ ይላል። ለቀናት ከመጠን በላይ ጋዝ ተለቆበት ከነበረ ደግሞ የጋዙን መስመር ዝጉ፤ የበርሜሉ አናት ላይ ያለውን ማስተንፈሻ ሳብ እያደረጋችሁ አስተንፍሱት። በየጥቂት ሰዓቱ ድገሙት፤ በአንድ ጊዜ አይወጣም። አረፋው ሲቀንስ ግፊቱን ወደ ቦታው መልሱ።

ግፊቱም ልክ ከሆነ ቱቦው አጥሮ ይሆናል። የቱቦው ርዝመት ቢራውን ያዝ አድርጎ ፍጥነቱን ይቀንስለታል። የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር ለሆነ ቱቦ 1.5 ሜትር ብዙ ጊዜ ያንሰዋል፤ 3 ሜትር ሞክሩ። ግማሽ ሊትር በ8 ሰከንድ አካባቢ መሙላት አለበት። በጣም ቀድሞ ከሞላ ቱቦውን አስረዝሙ። ረጅም ገዝቶ እያሳጠሩ መሞከር ይሻላል፤ የተቆረጠ አይቀጠልም።

የቀረው ጽዳት ነው። በየ2 ሳምንቱ ቱቦውን ለቢራ መስመር በተዘጋጀ ማጽጃ እጠቡት። ቧንቧውንም ፍቱትና ውስጡን ጥረጉ። የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ የማሸጊያ ጎማ ካገኛችሁ ቀይሩት፤ በሱ በኩል አየር እየገባ ሊሆን ይችላል።