የትንሽ ደሴት ግዛት መግለጫ እንዴት ይዘጋጃል? ቶከላው እንደ ምሳሌ

ስለ አንድ ትንሽ የሐሩር ክልል ደሴት ግዛት የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ከየብስ ስፋቱ ይጀምራል። ይህ አካሄድ በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ለምትገኘውና በኒውዚላንድ ሥር ላለችው ለቶከላው አይሠራም፤ የሦስቱ አቶሎቿ (የኮራል ደሴቶቿ) የብስ ተደምሮ 12 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ልዩ የኢኮኖሚ መብት ያላት የባሕር ክልል ግን ከ300,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ በቅድሚያ ባሕሩን ይጻፉ።

ቀጥሎ የቦታውን አቀማመጥ ያስቀምጡ። ሦስቱ አቶሎች አታፉ፣ ኑኩኖኑና ፋካኦፎ ከሳሞአ በስተሰሜን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጉ ናቸው። አቶል ማለት ውስጡ ጥልቀት የሌለው የባሕር ውኃ ያለበት የኮራል ቀለበት መሆኑን ለአንባቢ ያስረዱ፤ ከዚያ በኋላ ወንዝ የሌለው፣ ሰው ከጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውኃ አጠራቅሞ የሚጠጣው፣ ከኮኮናት በቀር ብዙ የማይበቅለውና የባሕር ከፍታ መጨመር የሚያሰጋው ለምን እንደሆነ ራሱ ይረዳል። ከፍተኛው ቦታ 5 ሜትር ያህል ነው።

መጓጓዣውን በአንድ ሐረግ አይለፉት። አውሮፕላን ማረፊያ የለም፤ ከሳሞአ ዋና ከተማ ከአፒያ የሚነሣው መርከብ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይጓዛል፤ ሲደርስም ወደብ ስለሌለ ከኮራሉ ውጭ ቆሞ ሰውና ጭነት በትንንሽ ጀልባ ወደ ዳር ይወሰዳል። የዱቄቱና የነዳጁ ዋጋ የሚገባን ይህን ስናውቅ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ግዛቲቱ ከናፍጣ ጀነሬተር ወደ ፀሐይ ኃይል የዞረችበትንም ምክንያት ከዚሁ ጋር ማያያዝ ይበጃል።

ኢኮኖሚውን ሲገልጹ የገንዘቡንና የምግቡን መንገድ ይለዩ። ገንዘቡ የሚመጣው በዋናነት ከኒውዚላንድ የበጀት ድጎማና የውጭ መርከቦች ቱና ለማጥመድ ከሚከፍሉት የፈቃድ ክፍያ ነው። ምግቡን በተመለከተ ግን «ኢናቲ» የሚባለውን ሥርዓት ችላ ያለ መግለጫ ጎዶሎ ነው ብዬ አምናለሁ። በጋራ የተጠመደው ዓሣ ዳር ላይ ይዘረገፋል፤ በየቤተሰቡ አባላት ቁጥር ልክ ይከፈላል፤ ልጆችም የቤታቸውን ድርሻ ተሸክመው ይሄዳሉ። ማጥመድ የማይችል አዛውንትም ድርሻው አይቀርበትም። በገበያ ዋጋ ብቻ የሚሰላ የነፍስ ወከፍ ገቢ ይህን አያሳይም።

የሕዝቡን ቁጥር በሁለት ረድፍ ያስቀምጡ፤ በአቶሎቹ ላይ 1,500 ያህል ሰው ሲኖር፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ኒውዚላንድ ውስጥ ቶከላዊ ነን ያሉት ከ8,000 በላይ ነበሩ። አስተዳደሩን በአጭሩ መግለጽ ይቻላል፤ እያንዳንዱን መንደር «ታውፑሌጋ» የተባለ የሽማግሌዎች ምክር ቤት ይመራል፣ የግዛቲቱ መሪነት ደግሞ በየዓመቱ በሦስቱ አቶሎች መሪዎች መካከል ይዞራል።

በ2006 እና በ2007 እ.ኤ.አ. የተካሄዱትን የራስ አስተዳደር ሕዝበ ውሳኔዎች ሲጽፉ በመቶኛ ብቻ አይወሰኑ። ሁለተኛው 64 በመቶ ድጋፍ አግኝቶ ከሚፈለገው ሁለት ሦስተኛ አንሷል ቢባል ትክክል ነው፤ ሆኖም የጎደለው 16 ድምፅ ብቻ መሆኑን ይጨምሩ። ኒውዚላንድ የሚኖሩት ቶከላዊያን ድምፅ የመስጠት መብት እንዳልነበራቸውም እዚያው አጠገብ ይጻፉ።