ጎልደን ኢሪንግን ከየት ጀምሮ መስማት ይሻላል?

የኔዘርላንዱን የሮክ ባንድ ጎልደን ኢሪንግን መስማት ስጀምር የመጀመሪያውን አልበም ከፍቼ በዓመት ተራ ቁልቁል ወረድኩ። ሦስተኛው ላይ ሰለቸኝና ለሁለት ዓመት ተውኩት። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ስልሳ ዓመት በተጠጋ የሙዚቃ ሕይወት ውስጥ የሚገባው ከመሐል ነው።

አስቀድማችሁ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ፈልጉ። በስልክ ድምፅ ማጉያ ቤዝ ጊታር (ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠው ጊታር) አይሰማም፤ በዚህ ባንድ ደግሞ ቤዙን ያልሰማ ግማሹን አልሰማም። እኔም ቤዝ ስለምጫወት ማዳላቴ አይቀርም፤ ቢሆንም በ1973 ከወጣው «ሙንታን» አልበም ላይ «ሬዳር ላቭ»ን ከፍታችሁ ራሳችሁ ፍረዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጊታሩ መግቢያውን ይመታና ገለል ይላል። ከዚያ ሪኑስ ኸሪትሰን ቤዙን ይዞ ይነሣል፤ ድራሙ ከሥሩ ይሮጣል። ድምፃዊው ባሪ ሄይ የሚዘፍነው ሌሊቱን ሙሉ መኪና ስለሚነዳ ሰው ነው፤ መሪውን የያዘው ግን ቤዙ ነው። ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚሄደውን የአልበሙን ቅጂ ምረጡ። በነጠላ ዜማ የወጣው አጭሩ ቅጂ ወደ አሜሪካ ገበያ ገብቶ 13ኛ ደረጃ ቢደርስም፣ ለእኔ ጉዞው ሳይሞቅ ያልቃል።

በማግስቱ ወደ 1982 ዝለሉና «ትዋይላይት ዞን»ን ስሙ። እዚህም ረጅሙ ይሻላል፤ ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው። ዘመኑ ተለውጧል፣ ድምፁ ጠርቷል፣ ቤዙ ግን አሁንም ከፊት ነው። በአሜሪካ 10ኛ ደረጃ የያዘው ይኸው ነው።

ወደ ኋላ የምትመለሱት አሁን ነው። በ1961 በዘ ሄግ ከተማ የ13 ዓመቱ ጊታሪስት ጆርጅ ኮይማንስና የ15 ዓመቱ ጎረቤቱ ሪኑስ ባንዱን ሲመሠርቱ ስሙ ቶርናዶስ ነበር። ሌላ ባንድ በዚያው ስም ሲታወቅ ጎልደን ኢሪንግስ ተባሉ፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» የወደቀችው በኋላ ነው። ስለዚህ የድሮ ሸክላዎችን ስትፈልጉ ሁለቱንም ስም ሞክሩ፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ብዙ ደክሜአለሁ። ከዚያ ዘመን የ1965ቱ «ፕሊዝ ጎ» ይበቃል። የ1969ኙ «ኤይት ማይልስ ሃይ» 19 ደቂቃ ይሄዳል፤ ትዕግሥት ካላችሁ ግቡበት፣ ከሌላችሁ እለፉት፣ የሚቀየማችሁ የለም።

በ1970 ድራመሩ ሴዛር ዛውደርዋይክ ሲገባ አራቱ ሰዎች ተሟሉ። አልፎ አልፎ ሌላ ተጫዋች ቢጨመርም እነዚህ አራቱ እስከ ፍጻሜው አልተለያዩም። ድራመሩን በጆሮ ብቻ መተው ግፍ ነውና የመድረክ ቪዲዮ ፈልጉ፤ በ«ሬዳር ላቭ» ላይ ከመቀመጫው ተነሥቶ ድራሞቹን በአንድ ዝላይ ይሻገራል።

ለመጨረሻ ያስቀመጥኩላችሁ የ1992ቱን «ዘ ኔኬድ ትሩዝ» ነው። የቆዩ ዘፈኖቻቸውን በአኩስቲክ (ኤሌክትሪክ ባልሆነ) ጊታር የተጫወቱበት አልበም ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሰማችሁትን ከዚህኛው ጋር አስተያዩ። ከዚያ በኋላ የቀረው በኅዳር 2019 በሮተርዳም አሆይ አዳራሽ ያቀረቡት ዝግጅት ነው። በ2021 ኮይማንስ ኤ.ኤል.ኤስ የተባለው የነርቭ ሕመም እንዳለበት ሲታወቅ፣ የቀሩት ሦስቱ ሌላ ጊታሪስት አልፈለጉም፤ ባንዱን ዘጉት።